ለመጽሔታችን ሠዓሊዎች ለምን አይመጡም?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የምንማር ተማሪዎች ነን። የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እያዘጋጀን ሲሆን እኔ በአርታኢነት ተመርጫለሁ። ግጥም ሞልቶናል፤ አጭር ልብ ወለድም አላጣንም። የቸገረን ሥዕል ነው። «ለግጥሞቻችን ማጀቢያ ሥዕል መሥራት የምትችሉ ተመዝገቡ» የሚል ማስታወቂያ ከመመገቢያ አዳራሹ በር አጠገብ ለጥፈን ነበር፤ የተመዘገበ ሰው ግን የለም። አንዳንድ ጓደኞቻችን ከኢንተርኔት ሥዕል አውርደን እንጠቀም ይላሉ። እኔ ይህን አልፈልግም። ግቢው ውስጥ የሚሥሉ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በየደብተሩ አያለሁና። እንዴት ላምጣቸው? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መምህርት ከሐይቅ፦

ወንድሜ፣ አብሽር። ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም፤ አጠራራችሁ ነው የማያመጣው። «ማጀቢያ» ብላችሁ የጠራችሁት ሰው ገና ሳይመጣ ሚዜ ሆኗል፤ ሙሽራው ግጥሙ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ ይህን ቶሎ ይረዳል፣ ተረድቶም ዝም ይላል።

እኔ ዛሬ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ግን እንዳንተው መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ የጤና ተማሪ ነበር፣ ወደ ሥነ ጽሑፍ ክበባችን ዝር ብሎ የማያውቅ። የአናቶሚ ደብተሩን የተዋሰች ጓደኛዬ ናት ያሳየችኝ። በገጹ መካከል የክንድ አጥንቶች በእርሳስ ተነድፈው ስማቸው ተጽፏል። ኅዳጉ ላይ ደግሞ ሰኞ ገበያ ያያት የበርበሬ ነጋዴ እጆች አሉ። ፊት የለም፤ እጅ ብቻ ነው። አንደኛው ጣሳውን ጨብጧል፤ ሌላኛው ከጣሳው አፍ በላይ የተቆለለው በርበሬ እንዳይፈስ ዙሪያውን ከልሎታል። የአውራ ጣቷ ጥፍር ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ የገባው የበርበሬ ብናኝ ሳይቀር በእርሳስ ጫፍ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ይታያል። ይህን ያየ ዓይን «ቀስት የወጋው ልብ ሣልልን» ሲባል ቢሸሽ ምን ይገርማል?

ሙሉ ገጽ ሰጠነው፤ ከላይም ከታችም ጽሑፍ የሌለበት፣ ስሙ ብቻ ከሥር የተጻፈበት። ከዚያ የተለመደውን ቅደም ተከተል ገለበጥነው። ሥዕሉን አባዝተን ለገጣሚዎቹ አደልንና «ይህን አይታችሁ ጻፉ» አልናቸው። ከመጡት ግጥሞች አንዱን እስካሁን አልረሳውም። አንዲት ልጅ ስለ እናቷ እጅ ጻፈች፤ ስለ በርበሬ አንድም ቃል የለበትም። ሥዕሉን አይገልጸውም፣ አይተረጉመውም፤ ያለ ሥዕሉ ግን አይወለድም ነበር። የዚያን ጊዜ ነው ሠዓሊዎቹ እየፈለጉ ይመጡልን የጀመሩት። ሥዕላቸው ግጥም ማስነሣት እንደሚችል አዩ።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። እኔ የምኖርበትን ሐይቅን ውሰድ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት የብራና ወንጌል አለ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔ ያየሁት በፎቶግራፍ ነው፤ ሥዕሎቹ ሙሉ ገጽ ይዘው፣ የራሳቸው የሐረግ ክፈፍ ተሠርቶላቸው ተቀምጠዋል። በጽሑፉ መካከል የተገኘ ክፍት ቦታ መሙያ አይደሉም። ብዕርና ቀለም በአንድ ብራና ላይ አብረው ያደሩበት አገር ላይ ነህ። በዘመናዊው ትምህርት ግን መንገዳቸው ተለያየ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር ግጥም ያነቡ ነበር፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ በዚያው ከተማ ለብቻው ይሠራ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲውን የተቀላቀለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የግቢ መጽሔቶች የግጥም ብቻ መድረክ መሆናቸው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለምንህ፦ ሠዓሊን በመጨረሻው ሳምንት አትጥራ። ግጥሙ ተመርጦ፣ ታርሞ፣ ገጹ ተሰድሮ ካለቀ በኋላ «እዚህች ጋር ትንሽ ቦታ ተርፋናለች» የሚባል ሰው ምን ልብ ይኖረዋል? ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሠዓሊ ከአርታኢዎቹ ጋር ይቀመጥ፤ የትኛው ሥዕል ይግባ የሚለውንም እሱ ይወስን። ለማተሚያ ቤቱም ይጠቅማችኋል። በመካከሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለአራት ተካፋይ መሆን አለበት፤ ጽሑፋችሁ 37 ገጽ ቢሆን 40 መሙላት ግድ ነው። እነዚያን ሦስት ገጾች ከወዲሁ ለሥዕል አስቡላቸው፤ ያለበለዚያ በመጨረሻዋ ሰዓት በምን እንሙላቸው ስትሉ ታድራላችሁ።

የኮምቦልቻ ነዳፊ፦

መምህርት ያሉት እውነት ነው። እኔ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ማስታወቂያችሁ ሐረጎን ወርዶ እኛ ጋር ቢደርስ ኖሮም አልመጣም ነበር፣ ምክንያቱም ራሴን ሠዓሊ ብዬ አላውቅም። ነገር ግን በየቀኑ በካሬ ወረቀት ላይ የሽመና ንድፍ እሠራለሁ። ድሩ በማጉ ላይ ሲያልፍ ካሬውን አጠቁራለሁ፣ ከሥር ሲያልፍ ነጭ እተወዋለሁ። በየረድፉ ጥቁሩን አንድ ካሬ ወደ ጎን እየገፋሁ ስሄድ ሰያፍ መስመር ይወጣል፤ የጂንስ ሱሪ ላይ የምታዩት ሰያፍ እሱ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ንድፍ ራቅ አድርጋችሁ ብታዩት ሥዕል ነው። ስለዚህ «ሠዓሊዎች» ብላችሁ ብቻ አትጥሩ፤ «የምትነድፉ» በሉ። የሕንፃ ነዳፊውም፣ በአረብኛ ፊደል የሚያጌጠውም ይመጣል።

ስለ ኅትመቱ ደግሞ ልጨምር። የውስጡ ገጽ በጥቁርና ነጭ ከሆነ ፈዛዛ የእርሳስ መስመር ይጠፋል፤ ለስላሳና ጥቁር እርሳስ ወይም የቀለም ብዕር ይጠቀሙ። ሥዕሉን በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩት፣ መተግበሪያው ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ መላክ ካለበት እንደ ፋይል ይሁን። የሚሻለው ግን ስካነር ነው፦ ለእርሳስ ሥዕል 300፣ ለጥቁር መስመር ንድፍ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)። በስልክ ማንሣት ግድ ከሆነ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ የእጃችሁ ጥላ ሳይወድቅበት።

የባቲ ልጅ፦

ወንድሜ ነዳፊው የአረብኛ ፊደል ያለው ነገር አስደስቶኛል። እኛ አካባቢ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይነገራል፤ በብዙ ቤት መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም አማርኛው በአረብኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የወሎ ዑለማዎች ለዘመናት የጻፉት በዚህ መንገድ ነው፤ የሸህ ጦልሃን ግጥሞች የማያውቅ ማን አለ? የአያቴ ደብተር እኛ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ከጥቁሩ ጽሑፍ መካከል የነቢዩ ስም በመጣ ቁጥር ቀለሙ ቀይ ይሆናል። ቤተሰቡ ከፈቀደ አንድ ገጹ እንዳለ ቢታተም፣ ትይዩው ገጽ ላይ በግእዝ ፊደል ቢነበብ፣ ሥዕልም ግጥምም ነው።

ሁለት ነገር አደራ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ገጹን የሚያሰናዳው ሰው እንዳይገለብጠው ወይም ኅዳጉን እንዳይቆርጠው። ተማሪ ያመጣው መንዙማ ደግሞ የደረሱት ሸህ የሚታወቁ ከሆነ በስማቸው ይውጣ፤ ተማሪው «ያቀረበው» ይባል። በአፋን ኦሮሞ የሚጽፉ ጓደኞቼም አሉ። በአማርኛ ካልሆነ አይቀበሉም ብለው ነው የሚቀሩት። ክፍት መሆኑን በግልጽ ጻፉላቸው።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)፦

መምህርት፣ ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ፤ ወደ ኮምቦልቻም የምንልከው ሰው አግኝተናል። አንዲት የምትሥል ልጅ ግን ከወዲሁ ጠይቃኛለች፦ «ሥዕሌን ከሰጠኋችሁ በኋላ የማን ነው?» ምን ልበላት?

መምህርት ከሐይቅ፦

የራሷ ነው በላት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሠሪው ነው፤ ሥራው ወጥ ሆኖ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ማስመዝገብ እንኳ አይጠበቅባትም። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት እስካለች ድረስና ካለፈች በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። እናንተ የምትለምኗት በዚህ እትም አንድ ጊዜ ለማውጣት ፈቃዷን ነው፤ ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ፖስተር ወይም ቲሸርት ላይ ልታደርጉት ካሰባችሁ እንደገና ጠይቋት። ጫፉን ቆርጣችሁ ወይም አሳንሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊትም አሳዩአት፤ ለገጣሚው የእርማቱን ገጽ እንደምታሳዩት ሁሉ።

ዋናውን ሥዕል ስካን አድርጋችሁ በዚያኑ ቀን መልሱላት። ሳይታጠፍ፣ በሁለት ካርቶን መካከል።