«ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላመደ»፦ ማን ነው የለመደው?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤቶች። አንድ ጽሑፍ ላይ «ቫይረሱ መድኃኒቱን ስለተላመደ ታካሚው ወደ ሁለተኛ መስመር ተዛወረ» ይላል። የለመደው ሰውነቱ ነው ወይስ ቫይረሱ? ደግሞ «ሁለተኛ መስመር» ምንድን ነው? መድሃኒቱ ተቀየረ ማለት ነው?

ግድፈት አራሚ፦ መጀመሪያ «መድኃኒት» በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ድኅነ ካለው ግሥ ነው የወጣው። ወደ ጥያቄህ ስንመጣ፣ ለመደ በግእዝም ያው ለመደ፣ ተማረ ነው። «ተላመደ» ሲሆን ግን የእርስ በርስ ነገር አለበት። የሚላመዱት ሙሽሮች ናቸው። ቫይረስና መድኃኒት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ስለዚህ «ተቋቋመ» ይሻላል። ሥሩ ቆመ ነው። ፊት ለፊት ቆመ፣ አልወድቅም አለ።

ሳቂታው፦ «ቫይረሱ ተቋቋመ» ስትለኝ ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ነው የሚታየኝ ሃሃሃ

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ተሳቢውን ጨምርበታ! «መድኃኒቱን ተቋቋመ»። ጨዋ ሁላ።

ላብራቶሪ፦ ነገሩን ሳታዩ ሥሩን ቆፈራችሁት። ሰውነት ምንም አልለመደም። ቫይረሱም ቁጭ ብሎ አልተማረም። ኤችአይቪን ብትወስዱ የዘር መረጃው 9,700 ገደማ ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው፤ ቫይረሱ ሲባዛ ጽሑፉ ይገለበጣል፣ ሲገለበጥም ይገደፋል፣ ገልባጩ የቫይረሱ ኢንዛይም ደግሞ ተመልሶ አያርምም። አብዛኛው ግድፈት ከንቱ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ትሳካለች፤ ለምሳሌ በዚያው ገልባጭ ኢንዛይም 184ኛው ቦታ ላይ ሜቲዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በሉት) ቫሊን በተባለ ሌላ ከተተካ ላሚቩዲን የተባለው መድኃኒት ቫይረሱን እምብዛም አይበግረውም። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገታለት ሜዳው የእሱ ሆነ። መጠኑ በየመሀሉ እየተዘለለ ሲወሰድ ደግሞ ይብሳል፤ ቫይረሱ መባዛት ይችላል፣ መድኃኒቱም ለመምረጥ የሚበቃ ያህል አለ። ዚዶቩዲን የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1987 ብቻውን ተጀምሮ በ1989 የማይበገሩ ዝርያዎች ተገኙ። 3 መድኃኒት አንድ ላይ የሚሰጠውም አንድ ግልባጭ በሁሉም በኩል ባንዴ መሳት ስለሚከብደው ነው።

ግድፈት አራሚ፦ አየህ! «ገልባጭ ሳተ፣ የሳተው ተረፈ» ነው። መላመድ የሚባል ነገር የለም። እኔ ድሮም ብያለሁ።

ላብራቶሪ፦ ብለሃል እንዴ? ለማንኛውም፣ መድኃኒቱ ሲቆም ያ ዝርያ በምርመራ ላይታይ ይችላል፤ ግን ባንቀላፉ ሕዋሳት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያው መድኃኒት ሲመለስ ይነሣል።

ሳቂታው፦ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ! «ለመደ» አሸነፈ።

ግድፈት አራሚ፦ በተረት ሰዋስው አይፈረድም።

ጠያቂው፦ እሺ ተግባባን፣ ሰውነቴ አይደለም። «ሁለተኛ መስመር»ስ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ «መስመር»? እሱማ ሠምረ ካለው ግሥ ነው፣ በንጉሡ ሠ።

ግድፈት አራሚ፦ ኧረ በፈጠረህ! በእሳቱ ሰ ነው። ማን ነው ያስተማረህ?