ወረርሽኝ ዳግም ቢመጣ፦ ለሰበካ ጉባኤው የምናቀርበውን አብረን እንጻፍ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚካኤል ጽዋ ላይ የጀመርነውን ጨዋታ እዚህ እንጨርሰው ተባብለን ነበር፤ ይኸው። ወረርሽኝ ዳግም ወደ ድሬ ቢመጣ አጥቢያችን ምን ታድርግ? ሐሳባችንን በጋራ ጽፈን ለሰበካ ጉባኤው እንሰጣለን። ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ። ከበለጠ ማንም አያነበውም፤ እኔ ራሴ አላነበውም።

ለማስታወስ ያህል፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር። በአምስት ሳምንት ውስጥ ከሞላ ግቢ ወደ ባዶ ግቢ ሄድን። ሁሉን ነገር በሩጫ ነው የወሰንነው። አሁን በረድ ባለ ጊዜ እንጻፈው። (ድሬ ላይ ተቀምጦ “በረድ ባለ ጊዜ” ማለት ቢያስቅም።)

የሰማችሁትን ተዉት፤ ያኔ በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ።

ዲያቆኑ፦
እኔ የኖራውን ክብ ላስታውሳችሁ። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ማታውን ገመድ ይዘን፣ እየለካን፣ ሁለት ሁለት እርምጃ እያራራቅን ግቢውን በሙሉ ክብ በክብ አደረግነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲያዩት ያምራል። 3 ሰዓት ላይ ክቡ ውስጥ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ኒሙ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ። በድምፅ ማጉያ “ምእመናን፣ ወደየክባችሁ” ስል አንዲት እናት “እስቲ አንተ መጀመሪያ ግባና አሳየን፣ ልጄ” አሉኝ። ገባሁ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም፤ አናቴ ጋለ።

ስለዚህ ክቡ ጥላ ባለበት ይሰመር። ጥላው ደግሞ ከፀሐዩ ጋር ይዞራል፤ ሸራ መወጠር ይኖርብናል። የእድሩ ድንኳን ለቅሶ በሌለ ቀን ተጣጥፎ ነው የሚውለው። እሱን ብንጠይቅስ?

ባለ ባጃጁ፦
አቦ ዲያቆን፣ እውነትህን ነው። እኔም ኒሙ ሥር ነበርኩ። ይቅርታ።

ነርሷ፦
ሁለት ነገር ልበል፤ ሁለተኛው ደስ አይላችሁም።

አንደኛ፣ ወረርሽኝ ሁሉ ኮቪድ አይደለም። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳደረጋት ረሳችሁት? ፍልሰታ ላይ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቅ መገጣጠሚያው አይለቅም። ለስግደት ጎንበስ ያለ ሰው መነሳት አቅቶት ሁለት ሰው ደግፎ ሲያነሳው አይቻለሁ። ያ በሽታ በትንፋሽ አይተላለፍም። የምታስተላልፈው ቀን የምትነክስ ትንኝ ናት፤ ቤት ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ላይ ትራባለች። ለእሷ ማስክም ኖራም አይገዳትም። ኮሌራ ደግሞ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው የሚገባው፤ እሱ ሲመጣ ጸበሉ የሚቀዳበት ዕቃ ነው መታየት ያለበት። እንግዲህ ወረቀታችን “ኮቪድ ቢመጣ” ብሎ አይጀምር። መጀመሪያ “ይህ በሽታ በምን ይተላለፋል?” ብሎ የጤና ባለሙያ ይጠይቅ። መራራቁም መታጠቡም ከዚያ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ በር ላይ ያቆምናቸው የእጅ መታጠቢያ በርሜሎች። ሰው ሲሰለች ተረሱ፣ ክዳናቸው ጠፋ፣ ውኃው ግን ውስጣቸው ቀረ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እጭ ይርመሰመሳል። አንዱን በሽታ እየተከላከልን የሌላውን ትንኝ እናረባ ነበር። ክዳን ይኑረው፣ ቧንቧ ይኑረው፣ በየሳምንቱ ተደፍቶ ይታጠብ፣ የሚደፋው ሰው ስም ይጻፍ። “ኮሚቴው ይከታተላል” የሚለውን አልቀበልም። ኮሚቴ በርሜል ደፍቶ አያውቅም።

ባለ ባጃጁ፦
ከበስተግራ ያለው ሰማያዊው በርሜል ነው? እኔ እሱ ላይ ነበር የምታጠበው።

ነርሷ፦
አዎ፣ እሱ ነው።

የባቡሩ ጋሼ፦
ልጆች፣ ይህ ነገር ዛሬ አልተጀመረም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ገባ፤ ዓለም የስፓኒሽ ፍሉ የሚለው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለትንሽ ነው የተረፉት። አዲስ አበባ ላይ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አልቋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ “ኅዳር ሲታጠን” የምንለው፣ የዚያ መታሰቢያ ነው። ቀኑ ደግሞ የማኅበራችን ቀን ነው፤ ሚካኤል። ወረቀቱን በኅዳር ሚካኤል እንስጥ፤ በየዓመቱም በዚያው ቀን አውጥተን እንየው። አለዚያ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ምድር ባቡር ስሠራ ስንት ጥሩ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ሲያረጅ አይቻለሁ።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ቀኑን እደግፋለሁ፤ ጭሱን ግን አልደግፍም። ፕላስቲክ እየነደደ አስም ያለበት ሰው ያድራል እንዴ? መጥረጉን እንያዝ።

የባቡሩ ጋሼ፦
ድሮ ፕላስቲክ የት ነበር! ይሁን፣ እንጠርጋለን።

አባታችን፦
እግዚአብሔር ይባርካችሁ። አንድ ድንበር ላስምርላችሁ። ሥጋ ወደሙ እንዴት ይሰጥ፣ ቅዳሴው እንዴት ይሁን የሚለው የእናንተ አይደለም፣ የሰበካ ጉባኤውም አይደለም። የቅዱስ ሲኖዶስ ነው። እሱን አትንኩት፤ ከነካችሁት ወረቀቱ ገና በበሩ ይመለሳል።

መሳለሙን በተመለከተ ግን የምለው አለኝ። መስቀል አትሳለሙ ሲባል ሕዝቡ እምነቱን የነጠቁት ያህል ነው ያዘነው። በሰሙነ ሕማማት ግን መስቀል እንሳለማለን? እርስ በርሳችንስ እንሳሳማለን? ይሁዳ ጌታን በመሳም መስጠቱን እያሰብን ሳምንቱን በሙሉ እንተወዋለን። አባቶቻችን ያቆዩት ነው። “ሐኪም ከልክሏል” ከማለት ይህን ማስታወስ ይሻል ነበር። እኔ ራሴ ይህን በዐውደ ምሕረት የተናገርኩት ሰው ከተቀያየመ በኋላ ነው። አንዲት አሮጊት አጎንብሰው ሲመጡ መስቀሉን ወደ ኋላ መሳብ አቃተኝ። ሰጠኋቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አስቀድሞ የተማረ ሕዝብ ቢሆን ካህኑም አይጨነቅ ነበር።

ጸሐፊዋ፦
አባታችን፣ ይባርኩን። ሥጋ ወደሙን የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር አውጥቻለሁ። የሕማማቱን አስገብቻለሁ።

አሁን የከነከነኝን ልናገር። ክቡም፣ በርሜሉም፣ መሳለሙም ወደ ግቢው የሚገባውን ሰው ነው የሚመለከተው። የፋሲካ ማግስት በዚያ ሳልፍ በሩ ዝግ ነው። ዓይነ ስውሯ እማማ ግን እንደ ሁልጊዜው በስተቀኝ፣ ማዳበሪያ ከረጢታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ሳህናቸው ውስጥ የረገፈ የኒም ቅጠል ብቻ ነበር። የእግሬን ድምፅ ሲሰሙ “ሰዉ የት ሄደ? ቀኑን ተሳሳትኩ እንዴ?” አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ከራሳቸው በላይ፣ በትልልቅ ፊደል።

እኛ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን አገኘን። (እውነቱን እንነጋገርና እኔ ቤት ቅዳሴው እየተላለፈ ቡና ይቆላ ነበር።) እሳቸውስ ከምን ያገኛሉ? ረቂቁ ከደጀ ሰላሙ ይጀምር ባይ ነኝ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት እዚያ የሚቀመጡ ሰዎች ስምና አድራሻ ይመዝገብ።

ገንዘብ ያዡ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡስ? ሰው ካልመጣ ሙዳየ ምጽዋቱ ባዶ ነው። ስለት የለም፣ ጧፍ አይሸጥም። የዲያቆናቱም የጥበቃውም ደመወዝ ከዚያው ነው የሚወጣው። ደጅ ላይ ያሉትን ስንል ደጁን የሚጠብቀውንም እንቁጠር። የእኔ ሐሳብ፣ ከአሁኑ በየወሩ ከእያንዳንዳችን 50 ብር ለብቻ ይቀመጥ። ጽዋ ላይ ደግሞ ድግሱን እናሳንስ። ባለፈው ወር ሦስት ድፎ ዳቦ ተርፎ ነበር።

ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ፦
ድግሱ ይቀነስ፣ አልጣላም። ድንኳኑን በሚመለከት እድሩን አነጋግራለሁ፤ ለቅሶ ከመጣ ግን ከቅዳሴ መሐልም ቢሆን ይነቀላል። ይህ ይታወቅ።

ለቅሶን ካነሳን፣ እኔ ወንድሜን የቀበርኩት በዚያ ግንቦት መጀመሪያ ነው። በሽታው ሌላ ነበር፤ ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ጥቂት ሰዎች ነበርን። ፍትሐቱ ደረሰ፣ አፈር ለበሰ፣ ወደየቤታችን። ድንኳን የለም፣ ሰልስት የለም። ሰው ከበር ላይ ቆሞ “እግዜር ያጽናህ” ብሎ ይሄዳል። በእኛ አገር ለቅሶ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ አይደል? እሱ ነው የቀረብኝ።

ፋሲካን ቤት በዋልን በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገብቶ ነበር። መስጊዱም ዝግ ነው፤ እነሱም በየቤታቸው ይሰግዳሉ። ጎረቤቴ ሀጂ በየማታው ከአፍጥር በኋላ በሬ እጀታ ላይ ፌስታል ያንጠለጥላሉ። ሳምቡሳ ነው፤ የምስር። የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉ። አንኳኩተው ይሄዳሉ፣ እኔ እወጣለሁ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ። ለእኔ የወንድሜ ለቅሶ ያ ነው። የምንጠያየቅበት ዝርዝር የሚወጣ ከሆነ በግቢና በሰፈር ይሁን። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን እከሌ የእኛ ነው፣ እከሌ አይደለም ብለን አንዝለል።

እትዬ፣ ባለ ጽዋዋ፦
ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ጽዋው እኔ ጋ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ለመጋቢት 12 ተራዬ ነበር፤ ጠላው ተጠንስሶ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ቀረ ተባለ። ልክ ነው፣ በሽታ ነው፣ አልተቀየምኩም። ግን ያን ሁሉ ጠላ ማን ይጠጣው? በየወሩ 12 ቀን ጽዋውን አወጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ጧፍ አበራለሁ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ራስጌዬ አስቀምጠዋለሁ። ሰባት ወር። ከዚህ ሁሉ አባል በዚያ ሰባት ወር የደወለልኝ ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው። እሱም ያልከፈልኩትን መዋጮ ሊያስታውሰኝ።

ገንዘብ ያዡ፦
እትዬ፣ እግርዎ ሥር ነኝ። እውነት ነው።

እትዬ፣ ባለ ጽዋዋ፦
ከፍዬ ነበር ደግሞ።

ዲያቆኑ፦
ለመደወሉ እኛ እንመደብ። አንድ ልጅ ለአምስት አረጋውያን። በሳምንት ሁለት ጊዜ። መድኃኒት የሚያልቅበትን፣ ውኃ የሚቀዳለት የሌለውን እየጻፍን ለነርሷ እናስተላልፋለን።

የባቡሩ ጋሼ፦
ከ7 እስከ 10 ሰዓት እንዳትደውሉ ብቻ። በዚያ ሙቀት የድሬን ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ ራሱን የቻለ በሽታ ያመጣል።

ጸሐፊዋ፦
እስካሁን የደረስኩበትን ላንብብላችሁ። አስተካክሉ።

“እኛ የማኅበሩ አባላት የሚከተለውን በትሕትና እናቀርባለን። የሥርዓተ ቅዳሴና የምሥጢራት ጉዳይ የቅዱስ ሲኖዶስ ስለሆነ አንገባበትም። በሮች የሚዘጉ ከሆነ ከመዘጋታቸው በፊት በደጀ ሰላሙ የሚቀመጡ ወገኖች፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ገቢያቸው የሚቋረጥ አገልጋዮች ይመዝገቡ፤ መዘጋቱም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃል ይነገራቸው። ማኅበሩ ለዚህ በየወሩ 50 ብር ከአባል ይቆጥባል፤ ሰበካ ጉባኤውም የአቅሙን እንዲመድብ እንጠይቃለን። የበሽታው መተላለፊያ በጤና ባለሙያ ሳይለይ የጥንቃቄ ማስታወቂያ አይለጠፍ። መቆሚያ ቦታ በጥላ ይሁን። የውኃ ዕቃ ሁሉ ክዳንና ኃላፊ ይኑረው። መሳለም የሚቆም ከሆነ የሕማማቱ ሥርዓት አስቀድሞ ይሰበክ። ለቅሶ ላይ የሚቀመጥ ባይኖር እንኳ እስከ አርባው ድረስ በየቀኑ አንድ ሰው ከበር ላይ ሆኖ እንዲጠይቅ እድሩ ተራ ያውጣ።”

ነርሷ፦
“ሳይለይ አይለጠፍ” የሚለው ያሰጋል። ባለሙያው ቢዘገይስ? “በሁለት ቀን ውስጥ ይጠየቅ፤ እስከዚያ እጅ መታጠብና የታመመ ሰው ቤቱ መቆየት ይቀጥል” በይው።

ሙሴው፦
በየቀኑ እስከ አርባ የሚለው ይከብዳል። እስከ ሰባት ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ። የማንፈጽመውን አንጻፍ።

አባታችን፦
የሙሴው ይሻላል። ንስሐን በሚመለከትም አንድ መስመር ጨምሩልኝ። ምክሩን በስልክ እሰጣለሁ። ኑዛዜውን ግን ፊት ለፊት፣ ራቅ ብለን፣ ዛፍ ሥር።

ጸሐፊዋ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። 50 ብሩ የሚከብደው ካለ ለእኔ ለብቻዬ ይንገረኝ፤ እዚህ አይጻፍ። የቀረን የስም ዝርዝሩ ነው። ወረርሽኝ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን፣ ከአሁኑ እንጀምረው። ደብተሩን ገዝቻለሁ። የዓይነ ስውሯን እማማ ስም የሚያውቅ አለ?

ባለ ባጃጁ፦
ማታ ማታ ገንደ ቆሬ ድረስ አደርሳቸዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እማማ ነው የምላቸው፣ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ጠይቅልኝ። የመጀመሪያውን መስመር ክፍት ትቼዋለሁ። ደግሞ ያን ሰማያዊ በርሜል ስታልፍ ድፋው።