«ሳምያክ ዳርሻን»፦ ቀና እምነት ወይስ ቀና እይታ?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለዚህ የቃል ወዳጆች ቤት። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ለትምህርት ህንድ፣ አህመዳባድ ነው ያለሁት። የተከራየሁበት ቤት ሰዎች ጃይኖች ናቸው፣ የጥንታዊው የህንድ ሃይማኖት የጃይኒዝም ተከታዮች። ድንችና ሽንኩርት ደጃቸውን አይረግጥም፣ ራታቸውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሳሉ። የቤቱ እመቤት ጠዋት ጠዋት «ዳርሻን ልሄድ ነው» ትለኛለች፤ ቤተ መቅደስ ገብታ ምስሉን አይታ ትመለሳለች። አማቷ ደግሞ፣ ሽማግሌው፣ ሻይ ስንጠጣ ስለ «ሳምያክ ዳርሻን» ያወሩኛል። እኔ ምስሉን በትክክል ማየት መስሎኝ ራሴን ስነቀንቅ ከረምኩ። ለካ በእንግሊዝኛ «ትክክለኛ እምነት» ብለው ነው የሚተረጉሙት። ለአገር ቤት ጓደኞቼ ልጽፍላቸው ብዬ «ርትዕት ሃይማኖት» አልኩና እጄ ቆመ። ምን ትላላችሁ?

ቀለሜ፦
እጅሽ መቆሙ ደግ አደረገ። ቃል በቃል ከሄድን አልተሳሳትሽም፣ ግን የእኛ ሰው «ርትዕት ሃይማኖት» ሲባል የሚታየው ኦርቶዶክስ ነው፤ ጓደኞችሽ ጃይኖች ቅዳሴ አላቸው ወይ ብለው ይደውሉልሻል። «ሳምያክ» ቀና፣ የተስተካከለ ማለት ነው። የ«ዳርሻን» ሥሩ ማየት ነው። ሴትዮዋ ጠዋት የሚሄዱለትም ሽማግሌው የሚያወሩትም ያው አንድ ቃል ነው። «ቀና እይታ» በይውና ተገላገይ።

የቆሎ ተማሪ፦
ቀስ በል ቀለሜ። ኡማስቫቲ የሚባል ሊቅ የጻፈው «ታትቫርታ ሱትራ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ሁለቱም የጃይን ወገኖች፣ ነጭ ለባሾቹ ሽቬታምባራዎችም፣ መነኮሳታቸው ራቁታቸውን የሚሄዱት ዲጋምባራዎችም ይቀበሉታል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ቀና ዳርሻን፣ ቀና እውቀትና ቀና ምግባር የነጻነት መንገድ ናቸው ይላል። (ሦስት ነገር ቆጥሮ «መንገድ»ን በነጠላ ነው የጻፋት። ሰዋስው የምትወዱ ይህቺን ልብ በሉልኝ።) ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እዚያ ዳርሻንን ራሱ ሲፈታው «ሽራድሃና» ይለዋል፣ ማመን ማለት ነው። በምን ማመን? በሰባት ነገሮች፦ በነፍስ፣ ነፍስ ባልሆነው፣ ካርማ (በሥራችን የምንስበው እንደ ብናኝ ያለ ነገር) ወደ ነፍስ በመፍሰሱ፣ ነፍስን በማሰሩ፣ ፍሰቱን በመግታት፣ የተጠራቀመውን በማራገፍ፣ መጨረሻ ላይ ነጻ በመውጣት። ስለዚህ «እምነት» ያሉት ተርጓሚዎች ከሜዳ አልተነሱም።

ቀለሜ፦
ከሜዳ ተነሱ አላልኩም። ችግሩ የእኛው ቃል ነው። «እምነትህ ምንድን ነው?» ብለህ ሰው ጠይቅ፣ ሃይማኖቱን ይነግርሃል። «አመነ» ስትል ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ወንጀሉን የተናዘዘም አለበት። ጃይኖች ዓለሙን የፈጠረ አምላክ የላቸውም፤ ታዲያ አንባቢው «እምነት» ሲል በማን እያለ ይፈልጋል።

ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር እዩልኝ። ነፍስ ወደ ነጻነት ስትሄድ የምታልፍባቸው 14 «ጉናስታና» አሉ፣ «ጉና» ጠባይ፣ «ስታና» ስፍራ። ቀና ዳርሻን የሚገኘው አራተኛው ላይ ነው። የዚያ ስፍራ ስም ሲፈታ «እይታው የቀና፣ ገና ያልታቀበ» ነው። ሰውዬው አንድም መሐላ አልገባም። ይነግዳል፣ ይቆጣል፣ ይበላል ይጠጣል። በከፊል መታቀብ አምስተኛው ላይ ነው፣ ምንኩስና ስድስተኛው ላይ። ይህን ሰው «አማኝ ግን የማይፈጽም» ብለህ ብትተረጉመው በአማርኛ ግብዝ አደረግከው። ለጃይኖች ግን ትልቁ ነገር የሆነው እዚሁ ነው። ቋጠሮው ተበጠሰ ነው የሚሉት፣ ቃሉም ቋጠሮ ነው። እኛ «ዓይኑ ተገለጠ» እንላለን አይደል? ዓይኑ ተገለጠ ስንል እግሩን አነሳ አላልንም። ልክክ ይላል።

የቆሎ ተማሪ፦
ይሁን፣ ለአራተኛው ስል እጄን ሰጥቻለሁ። ግን «እይታ» ብቻውን ዛሬ የጋዜጠኛ ቃል ሆኗል፣ «የእኔ እይታ» ምናምን። አንዴ «ልብን የጣሉበት እይታ» ብለሽ ፍቺውን ጻፊና ከዚያ በኋላ «ቀና እይታ» እያልሽ ቀጥይ።

የሰባ ደረጃው፦
ልጆች፣ እኔ ደግሞ «ጉናስታና»ን ምን ልትሉት ነው ብዬ ነው የመጣሁት። «መዓርግ» ብዬ አስቤ ነበር። የእኛ መነኮሳት አሥር መዓርጋት አሏቸው፣ ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያ ወደ ንጽሐ ልቡና። ግን ዛሬ ማዕረግ ሲባል ትዝ የሚለን የሻለቃ ትከሻ ነው። ሰጪ አለው። ጃይኖቹ ጋ ሰጪ የለም። «ደረጃ»ም እንደ ሰፈሬ ደረጃ አንድ ሁለት ተብሎ የሚወጣ ያስመስለዋል። እነሱ ጋ ከአንደኛው ተነስቶ ሁለተኛውን የሚረግጥ የለም! ሁለተኛው ከላይ የሚወድቅ ሰው ለቅጽበት የሚያልፍበት ነው። ስሙ «ሳስቫዳና» ነው፣ ከነጣዕሙ ማለት። በወተት የተሠራ ሩዝ በልቶ ያስመለሰ ሰው ምላሱ ላይ የሚቀርበት ጣዕም ብለው ነው የሚያስረዱት። ምሳሌው ምግብ ላይ ሆኖ አይነበብ እንጂ የሚረሳ አይደለም።

ቃል ለቃሚ፦
ጋሼ ምሳዬን አስጣሉኝ! ግን የጥንቱ የህንድ ቋንቋ፣ የሳንስክሪቱ «ሳ» የእኛ «ከነ» መሆኑ ነው?

የሰባ ደረጃው፦
አዎ ልጄ፣ «አ» ደግሞ «አልባ»። 13ኛውና 14ኛው የሚለዩት በዚህችው ፊደል ነው፣ «ሳዮጋ» እና «አዮጋ»። ዮጋ ሲባል ታዲያ ምንጣፍ ዘርግቶ መንጠራራት እንዳይመስልሽ፤ በጃይኖች ትምህርት የሐሳብ፣ የአንደበትና የአካል እንቅስቃሴ ነው። 13ኛው ሁሉን ያወቀ፣ ከነእንቅስቃሴው ያለ። የጃይኖች ታላቅ መምህር ማሃቪራ በ42 ዓመቱ ሁሉን ካወቀ በኋላ 30 ዓመት እየተዘዋወረ አስተምሯል ይላሉ፣ በዚህ ስፍራ ሆኖ ማለት ነው። 14ኛው እንቅስቃሴ አልባ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
11ኛውን ዘለልነው፣ ለአማርኛ የተሠራ እኮ ነው። የደፈረሰ ውሃ ጭቃው ከታች ሲቀመጥ «ጠለለ» እንል የለ? 11ኛው ሞሃ የጠለለበት ነው፣ ሞሃ ያው ነፍስን የሚያፈዝዛት ነገር። ከላይ ሲያዩት ኩልል ያለ ውሃ ነው። ጭቃው ግን የትም አልሄደም፣ ይናጣል፣ ሰውዬውም ተመልሶ ይወድቃል። 12ኛው ሞሃ ያለቀበት ነው፤ የጠለለው ውሃ ወደ ሌላ ንጹህ ዕቃ ተገልብጦ ጭቃው ቀርቷል። የሚያልቅለት ሰው 11ኛውን ጭራሽ አይረግጠውም፣ ከአሥረኛው ቀጥታ 12ኛው ላይ ነው። «ጠለለ» እና «ጠራ» ብለሽ ለያቸው፣ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

ቃል ለቃሚ፦
ይህቺን ወሰድኩ። ስለ አንደኛውም አንድ ልጨምር። ስሙ «ሚትያትቫ» ነው፣ እኔ «ሐሰተኛ እይታ» ብዬው ነበር። የጾማቸው በዓል መጨረሻ ላይ ግን እመቤቲቱ እጇን አጋጥማ «ሚቻሚ ዱካዳም» አለችኝ። ጎረቤቱም ሁሉ ይባባለዋል። «ክፉ ሥራዬ ከንቱ ይሁን» ማለት ነው አሉኝ፣ ይቅርታ መጠያየቂያቸው ነው። «ሚቻ» የተባለችው ያቺው «ሚትያ» ናት። ስለዚህ «ሐሰት»ን ትቼ «ከንቱ እይታ» ላደርገው ነው።

ቀለሜ፦
አሪፍ። ለ«ጉናስታና»ስ?

ቃል ለቃሚ፦
«እርከን»። የተራራ እርከን መውጫም መንሸራተቻም ነው።

የሰባ ደረጃው፦
ተስማምቶኛል። 14ኛው እርከን ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ግን ሳትጽፊ እንዳትቀሪ፤ ይህን ቤት የሚመለከተው እሱ ነው። አምስት አጫጭር ፊደላት ተጠርተው እስኪያልቁ ድረስ ነው ይላሉ፦ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ሪ፣ ልሪ። ከዚያ ነፍስ ትለቃለች።

ቀለሜ፦
አሁን ጮክ ብዬ ሞከርኩት ጋሼ። ሁለት ሴኮንድ አልሞላም፣ «ልሪ» ላይም ተደናቅፌ ነው።