‹ያልፈላ ሻይ› ይባላል ወይ? (ፈላ፣ ቦካ፣ ተብላላ)

ሰናይት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዘመዴ ሻይ አሽጎ ሊሸጥ ነው። የማሸጊያውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የምመልስለት እኔ ነኝ። «አረንጓዴ ሻይ ያልፈላ ሻይ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አነበበችውና «ታዲያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚጠጣው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያልቦካ ልበል? ያልተብላላ? ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።

የቦንጋ ልጅ፦ መጀመሪያ ሥራውን እንወቅ። አረንጓዴውም ጥቁሩም የአንድ ተክል ቅጠል ነው። የሚለያቸው ከተለቀመ በኋላ የሚደርስበት ነው። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ ይጠወልግና ይታሻል፣ ወይ በማሽን ይደቅቃል። ጭማቂው አየር ሲያገኘው መዳብ ይመስላል። ተቆርጦ የተቀመጠ አቮካዶ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ከዚያ በትኩስ አየር ይደርቃል። ለአረንጓዴው ግን ሳይጠቁር በፊት እሳት ይደርስለታል። ቻይኖች አብዛኛውን በብረት ምጣድ ያምሱታል፤ ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል። ለዚህ ነው የቻይናው የተቆላ ለውዝ ለውዝ፣ የጃፓኑ ደግሞ የታጨደ ሣር የሚሸተው። አባቴ ውሽውሽ ሻይ ላይ ሠርቷል። ያንን መጥቆር ‹ፈርመንቴሽን› ነበር የሚለው። እርሾ ግን የለበትም።

ዘቅኔ፦ በግእዙ ‹ፈልሐ› ነው። ዋናው ነገር መንተክተኩ ነው። ውሃውም ፈላ፣ ጠጁም ፈላ የምንለው ሁለቱም አረፋ ስለሚያወጡ ነው። የሻይ ቅጠል አረፋ የለውም። ስለዚህ ‹ፈላ› ከሥሩ አይሆንም። ‹ቦካ›ም ለሊጥ ነው። ብሑእና ናእትን፣ ማለት የቦካውንና ያልቦካውን፣ የተማረ ሰው ይህን አይስተውም።

ፊደል ለቃሚ፦ ‹ተብላላ› በሉት፣ አለቀ። ከ‹በላ› የመጣ ነው። ቅጠሉ ራሱን ራሱ ይበላል።

ዘቅኔ፦ ወንድሜ፣ ከ‹በላ› የሚወጣው ‹ተባላ› ነው። ጅቦቹ ተባሉ እንደምንለው። ‹ተብላላ›ን ከየት አመጣኸው?

ፊደል ለቃሚ፦ ከ‹ፈታ›። ፈታ፣ ተፋታ፣ ተፍታታ። በላ፣ ተባላ፣ ተብላላ። መንገዱ አንድ ነው።

ዘቅኔ፦ ቅርጹ ይመሳሰል። ትርጉሙስ? የተፍታታ ገመድ በእርግጥ የተፈታ ገመድ ነው። የተብላላ ጠላ ማንን በላ?

ወለላ፦ ዘቅኔ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምግብ ሆድ ውስጥ ይብላላል እንላለን። ነገርም በሆድ ይብላላል። እኔ ፊደል ለቃሚን እደግፋለሁ።

ዘቅኔ፦ ወለላዬ፣ ያ ከተበላ በኋላ የሚሆን ነው። አሁንም አላመንኩም። አርባ ዓመት ግእዝ አስተምሬያለሁ፤ በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዘር አይቆጠርም።

የቦንጋ ልጅ፦ ጥቁሩን ‹የተብላላ› ካልነው ግን ፑኤርን ምን ልንለው ነው? በቻይና የዩናን ግዛት ሻይ ነው። አንደኛው ዓይነት ረጥቦ ተከምሮ፣ ተሸፍኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። እዚያ በእርግጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ይሠራሉ። ጣዕሙ ዝናብ የመታው አፈር ነው፤ ምሬቱ ጠፍቶ ለስላሳ ይሆናል። ቻይኖች እኛ ጥቁር የምንለውን ‹ቀይ ሻይ› ይሉታል። ‹ጥቁር› የሚሉት እንደ ፑኤር ያለውን ነው። ኡሎንግም አለ። ጠርዙ ቀልቶ መሐሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ፈላ ወይስ አልፈላም ትሉታላችሁ? እኔ ለአረንጓዴው ‹አየር ያልመታው ሻይ› ብል ደስ ይለኛል።

ወለላ፦ ‹አየር ያልመታው› ሲባል እኔ የሚታየኝ በደንብ የታሸገ ነው።

ሰናይት፦ እኔም እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ደግሞ አንድ ልጨምር። ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ አረንጓዴ ሻይ ምላስ ይይዛል። ‹ይመራል› ልበል ‹ይጎመዝዛል›?

ፊደል ለቃሚ፦ ይጎመዝዛል። መራራ ምላስ ላይ ነው፤ ጎምዛዛ አፍን ጭምር ያደርቃል። ያልበሰለ ሙዝ ብላና ታየዋለህ።

ዘቅኔ፦ በእኛ አገር ጎምዛዛ ውስጥ ኮምጣጣም አለበት። ሻይ አይኮመጥጥም።

ወለላ፦ በእኛም እንደዚያ ነው። ግን ምላስ ለሚይዝ ነገር ሌላ ቃል አላውቅም። እናቴ ‹አፍ ይሰበስባል› ትላለች።

ዘቅኔ፦ ‹አፍ ይሰበስባል›! ይህን እቀበላለሁ። የተማረ ሰው ቢያወጣው እንዲህ አያምርም።

ሰናይት፦ እሱን ጻፍኩት፤ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ግን አሁንም ባዶ ነው። ‹ያልፈላ›ን በምን ልተካው?

ፊደል ለቃሚ፦ ሰናይት፣ ከዚያ በፊት ማሸጊያው ላይ ‹ሻይ› ነው ‹ሻሂ› ያልሽው? አያቴ እስከ ዛሬ ‹ሻሂ› ነው የሚሉት።

ዘቅኔ፦ የመኖችም ‹ሻሂ› ይላሉ። ቃሉ ባሕሩን የተሻገረው በዚያ በኩል ይመስለኛል።

ፊደል ለቃሚ፦ እኔ ደግሞ ከፋርሱ ‹ሻህ› ነው እላለሁ። የንጉሥ መጠጥ ማለት ነው።

ዘቅኔ፦ አይደለም። ሥሩ የቻይናው ‹ቻ› ነው። ፋርሶች ‹ቻይ› አሉት። ዐረቡ ‹ቸ› ስለሌለው ‹ሻይ› አለው። ከንጉሥ ጋር አይገናኝም። ‹ሀ›ዋ ከየት መጣች ካልከኝ ግን፣ ነገ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።