ቤተ ክርስቲያን የማይሄዱ ሰዎች በአጥቢያው ካልተጋባን ቢሉ መብታቸው ነው?

ጠያቂዋ፦ እኔም እጮኛዬም ተጠምቀናል። ቤተ ክርስቲያን ግን የምንሄደው ለበዓልና ለቀብር ነው። ሠርጋችንን በአጥቢያችን ማድረግ ፈለግንና ቄሱን ጠየቅናቸው። «መጀመሪያ ትምህርት ጀምሩ፣ ሰንበት ሰንበትም ልያችሁ» አሉን። የእግዚአብሔር ቤት ለሁሉም ክፍት ነው ይባል የለ እንዴ?

ፊት ለፊት፦ እኔ ቄሱን ነው የምደግፈው። አዳራሽ ከሆነ የፈለጋችሁት ሞልቷል። እዚያ ቆማችሁ በማታምኑበት ነገር ቃል ከምትገቡ ማዘጋጃ ቤት ብትፈራረሙ ይሻላል፣ ቢያንስ ውሸት የለበትም።

ጠያቂዋ፦ አላምንም ማን አለ? አልሄድም ነው ያልኩት!

ታሪክ ወዳዱ፦ ቆይ፣ የአጥቢያው ነገር ከየት እንደመጣ እንይ። በካቶሊኩ ዓለም ድሮ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተስማምተው ቢጋቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ባትወደውም ጋብቻው ይጸና ነበር። ችግሩ ሰውየው ነገ ተነስቶ «ማናት እሷ? አላውቃትም» ሲል ነው፤ ማን ይመስክርላት? የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 የአጥቢያው ካህንና ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ይገኙ ያለው ለዚህ ነው። ካህኑ እንግዲህ ምስክር ነው። የማያውቃችሁ ምስክር ትንሽ ልወቃችሁ ቢል ምኑ ያስቆጣል?

ተሟጋች፦ ታዲያ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንስ? እዚያ በአጥቢያው ክልል የሚኖር ሰው ባይጠመቅ እንኳ በሕግ የመጋባት መብት አለው፤ ከዚህ በፊት ተፋቶ የነበረ ከሆነ ነው ነገሩ በቄሱ የሚወሰነው። ሦስት እሑድ ስማቸው ይነበባል፣ የሚቃወም ካለ ይናገራል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ደንብ ደግሞ አያቶቹ በተጋቡበት አጥቢያ ማግባት ለሚፈልግ ሰው እንኳ ፈቅዷል። አስተምራለሁ ማለት ሌላ፣ በር መዝጋት ሌላ።

ፊት ለፊት፦ ወንድሜ፣ እሷ እኮ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ናት። በተዋሕዶ ተክሊል ከቅዱስ ቁርባን ጋር ነው። ንስሐ ሳይገቡ ምን ብለው ሊቆርቡ ነው?

ምሬተኛው፦ ሁላችሁም የዘለላችሁትን ልናገር። ድሃው «ሰንበት ሰንበት ልይህ» ይባላል። ባለገንዘብ ሲመጣ በሩ ወለል ይላል። የካቶሊክ ቀኖና እኮ ችግረኛ በድህነቱ ምክንያት ምሥጢራትን እንዳያጣ ካህኑ ይጠንቀቅ ይላል። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ከሆነ እቀበላለሁ፣ ካልሆነ ስለ ሥርዓት አታውሩኝ።

ታሪክ ወዳዱ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ያገባችው፦ እኛ ትምህርቱን ጨርሰን ነው የተጋባነው። ስብከት ብቻ መስሎን ነበር። ስለ ብድር፣ ስለ ልጅ፣ አማት ጣልቃ ሲገባ ምን እንደምናደርግ ሁሉ ጠየቁን። ከእኛ ጋር ከጀመሩት መሃል የተለያዩም አሉ፣ እንኳንም ቀድመው ተለያዩ።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ትምህርቱን እንማራለን። ሰንበት ሰንበት ግን እጮኛዬን ከእንቅልፉ ማን ያስነሳልኝ?

ፊት ለፊት፦ እሱን ለራሱ ለእጮኛሽ ተይው። ቀን ስትቆርጡ ብቻ ዐቢይ ጾም ላይ እንዳይወድቅባችሁ፣ ያኔ በእኔ እንዳታማርሪ።