ውርስ አጣሪ የጠበቃ ወጪውን ከውርሱ ላይ ማንሳት ይችላል?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ባሕር ዳር ያለ ውርስ ነው። ሟች አባታችን ኑዛዜ አልተዉም፤ እናታችን በሕይወት አሉ፣ ልጆች አራት ነን፣ ፍርድ ቤቱ አጣሪ (የውርሱን ሀብትና ዕዳ ለይቶ ለክፍፍል የሚያዘጋጅ) አድርጎ የሾመው እኔን ነው። ሀብቱ ሦስት ሱቅ ያለው ቤት፣ ባንክ ያለ 310,000 ብር እና ዘጌ ያለ የቡና ይዞታ ነው። እስካሁን ሦስት ክርክር ተነሥቷል። ኪራይ ያቆመ ተከራይ ተከሶ ተፈርዶበታል፦ ጠበቃ 40,000፣ የዳኝነት ክፍያ 6,200። «እኔም የሟች ልጅ ነኝ» ያለ ሰው አቤቱታ አቅርቧል፦ ጠበቃ 35,000። ከወራሾቹ አንዷ አጣሪው ይነሣ ብላ አመልክታ ውድቅ ሆኖባታል፦ ጠበቃ 25,000። ድምሩ 106,200 ብር፣ ሁሉም ከአጣሪው ኪስ። ክፍፍሉ ሳይደረግ ከባንኩ ማንሳት ይቻላል?

ችሎት አዳሪ፦
106,200 ብለህ በአንድ መስመር ካቀረብከው ተቃዋሚዋ ወራሽ ሙሉውን ታስጥልብሃለች። ሦስቱ ወጪዎች ባሕርያቸው ለየቅል ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 942 መሠረት ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ስለዚህ የራሱ ወጪ አለው። ቁጥር 1014 ተራውን ያስቀምጣል፦ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ቀለብ፣ መጨረሻ ላይ የኑዛዜ ስጦታ። የማጣራት ወጪ የሟችን አበዳሪዎች ሁሉ ይቀድማል ማለት ነው፤ ጥሩ ቦታ ነው። ግን የሚያስቀድመው ለውርሱ የጠቀመውን ወጪ እንጂ አጣሪው ያወጣውን ሁሉ አይደለም። ዳኛው የሚጠይቀው «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ለማን ብለህ ከፈልክ?» ይላል።

የተከራዩ ክስ ኪራይ ወደ ውርሱ ስለሚመልስ ችግር የለበትም። የ«ልጅ ነኝ» ባዩ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ወራሽ ማን እንደሆነ መለየት የአጣሪው ሥራ ነው፤ ያ ሰው እንዳይወርስ መሟገት ግን የወራሾቹ ጉዳይ ነው። ማስረጃ ለማሰባሰብና ለችሎቱ ለማቅረብ የወጣው በውርሱ ላይ ይያዛል። ጠበቃው የመቃወሚያ መልስ ጽፎ ምስክር አቁሞ ከተከራከረ ግን ያ ወጪ የአራታችሁ የግል ወጪ ነው። 35,000ው ምን ያህሉ ለየትኛው እንደሆነ ውሉ ካልለየው ጠበቃው በጽሑፍ ይለይልህ።

ባለ መዝገብ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የእናትዎ ድርሻ። ቤቱና የባንኩ ገንዘብ የጋራ ሀብት ከሆነ ግማሹ የእናትዎ ነው፤ ውርስ የሚባለው ቀሪው ነው። ከ310,000ው 155,000ው ውስጥ እጅዎን ማስገባት አይችሉም። ብዙ የማጣሪያ ሪፖርት የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው ከጠቅላላው ላይ ተቀንሶ የቀረው ለሁለት ይከፈላል፣ ሚስት የውርስ ክርክር ወጪ ተሸካሚ ትሆናለች። የተከራዩ ክስ ግን የጋራ ቤት ኪራይ ስለሆነ እሳቸውንም ይነካል።

ሁለተኛ፣ ከውርሱ በፊት ተከራዩን ይጠይቁ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 462 እና 463 መሠረት የረታ ወገን የወጪ ዝርዝር አቅርቦ ከተረታው ይቀበላል። ፍርዱ «ወጪና ኪሳራ የማቅረብ መብት ተጠብቋል» ካለ ዝርዝሩን አሁኑኑ ያስገቡ። ለምሳሌ ከ46,200ው 15,000 ከተከራዩ ቢመለስ፣ ቀሪው 31,200 ለሁለት ተከፍሎ 15,600 በእናትዎ ድርሻ፣ 15,600 በውርሱ ላይ ይያዛል። ከውርሱ ይከፈል ሲባል ደግሞ የዚያ ሩብ፣ 3,900 ብር፣ ከራስዎ ድርሻ እንደሚሄድ አይርሱ። ከተከራዩም ከውርሱም ሙሉውን መውሰድ ግን ያስጠይቃል።

በነገራችን ላይ ሪፖርቱ ላይ የተዝካር ወጪ ካለ አውጡት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1015 የቀብር ወጪን ያስቀድማል፣ ተዝካርን ግን አይጨምርም። ቤተሰብ የሚጣላው በጠበቃ ገንዘብ ሳይሆን በዚህ ነው።

ችሎት አዳሪ፦
የተዝካሩ ነገር እውነት ነው። ሦስተኛው ክርክር ስላልተነሣ ልመለስበት። አጣሪው ይነሣ የሚለው አቤቱታ ባንተ ላይ የቀረበ ነው። አጥፍተህ ተነሥተህ ቢሆን 25,000ው በማያጠራጥር ሁኔታ ያንተ ዕዳ ነበር። ስላሸነፍክ መጀመሪያ ከአመልካቿ ጠይቅ። እሷ ያልከፈለችውን ከውርሱ መጠየቅ ያከራክራል፤ በኔ እምነት ስለ ሥራው ሂሳብ ለማስረዳት የወጣው ያስኬዳል፣ ሹመቱን ላለማጣት የወጣው አያስኬድም።

ባለ መዝገብ፦
እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። አቤቱታው መሠረት የለውም ከተባለ አጣሪው መልስ የሰጠው ማጣራቱ እንዳይቋረጥ ነው፤ ሙሉውን ጠይቀው ዳኛው ይቀንስ። ስለ አከፋፈሉ፦ ባንኩ ጋ በራስዎ ሥልጣን አይሂዱ። በተሾሙበት መዝገብ ላይ አቤቱታ ያስገቡ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ቀን፣ የክርክሩ መዝገብ ቁጥር፣ ለማን፣ ለምን፣ የደረሰኝ ቁጥር ይጻፍ፤ የጥብቅና ውሉና የፍርዱ ግልባጭ ይያያዝ። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ሁሉም ወራሾች በጽሑፍ ካልተስማሙበት አያስገቡት፤ ሌላውንም ያስጠረጥራል። ውክልናውንም ይመልከቱ፦ ጠበቃውን የወከሉት «በውርስ አጣሪነቴ» ብለው ነው ወይስ በግል ስምዎ? በግል ከሆነ ውሉም ደረሰኙም የግል ይመስላል፣ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ጣና ዳር፦
ውክልናው በግል ስም ነው፤ አስተካክላለሁ። ባንክ ያለው ካልበቃ የዘጌውን ይዞታ መሸጥስ?

ችሎት አዳሪ፦
መሬት አይሸጥም፤ የገጠር ይዞታ በውርስ ይተላለፋል እንጂ ለዕዳ ገበያ አይወጣም። የደረሰውን ቡና ግን አስለቅመህ ሽጥ፤ የለቃሚ ሒሳብ ራሱ የአስተዳደር ወጪ ነው። ቤቱን ለመሸጥ የሁሉም ወራሾች ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ገንዘብ ብለህ አትጀምረው፣ የሱቆቹ ኪራይ ይሸፍነዋል። ብቻ ክፍፍሉ ሳይጸድቅ ጠይቅ። ሁሉም ድርሻውን ይዞ ከሄደ በኋላ እያንዳንዱን ወራሽ መክሰስ ሊኖርብህ ነው፣ ያ ደግሞ አራተኛ ጠበቃ ነው።