የአሜሪካ ጦር ተመላሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ቲዲአይዩ መጠየቅ ይችላል?

የፒያሳዋ
ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ ተመልሷል፤ አሁን ፒያሳ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። የቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት) ሬቲንጉ፣ ማለትም የጉዳቱ መጠን በመቶኛ፣ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) 50፣ ወገብ 20፣ ጉልበት 10፣ የጆሮ ጩኸት 10 ነው። ደብዳቤው ግን ጠቅላላውን 70 ይላል። ሙሉ ቀን መሥራት ስላልቻለ ሜክሲኮ አካባቢ ግማሽ ቀን ይሠራል፤ የሚከፈለው በብር ነው። ለምን 90 አልሆነም? ለቲዲአይዩስ (በአገልግሎቱ ጉዳት ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው ለሚሰጠው የ100 በመቶ ክፍያ) ይበቃል? ለቮክ ሪሃብ (ተጎጂውን ለሥራ ለሚያበቃው የቪኤ ሥልጠና) ቢያመለክት ጥያቄውን ያበላሽበታል?

ካዛንቺስ 7
ቪኤ ቁጥሮቹን አይደምርም፤ እያንዳንዱን ከቀረው አቅም ላይ ያሰላል። ከ100 ላይ 50 ሲነሳ 50 ይቀራል። የወገቡ 20 በመቶ ከዚህ 50 ላይ 10 ነው፤ 60 ደረሰ። ጉልበቱ ከቀረው 40 ላይ 4 ይወስዳል፤ 64። ጆሮው ከ36 ላይ 3.6፤ ሠንጠረዡ 68 ይለዋል፤ በመጨረሻ ወደ ቅርቡ አሥር ተጠግቶ 70 ይሆናል።

የቲዲአይዩ መስፈርት ወይ አንድ ጉዳት ብቻውን 60፣ ወይ ጠቅላላው 70 ሆኖ አንዱ ቢያንስ 40 መሆን ነው። ወንድምሽ 70 አለው፣ ፒቲኤስዲው 50 ነው፤ መስፈርቱን ያሟላል። ከተፈቀደለት ሬቲንጉ 70 እንደሆነ ቀርቶ ክፍያው የ100 በመቶ ይሆናል።

መስፈርቱን ማሟላት ግን በሩ ድረስ መድረስ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው የቲዲአይዩ ማመልከቻው፣ ቅጽ 21-8940 ላይ ነው። «ከሥራ ያገደህ የትኛው ጉዳት ነው» ሲባል ዕድሜን፣ ስኳርን፣ ከአገልግሎቱ ጋር ያልተያያዘውን ሁሉ ይደረድራል። ቪኤ ዕድሜንም ሌላውንም በሽታ አይቆጥርም፤ ጭራሽ «ያገደው ሌላ ነገር ነው» ለማለት ምክንያት ይሆነዋል። አራቱን ብቻ ይጻፍ፤ እያንዳንዱም ምን እንደሚከለክለው በሚለካ ነገር ይገለጽ፦ ስንት ደቂቃ መቀመጥ ይችላል፣ በሳምንት ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣል፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል።

የግማሽ ቀን ሥራው አይከለክለውም። የዓመት ገቢው የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ለአንድ ሰው ካወጣው የድህነት ወለል ካላለፈ በደንቡ ማርጂናል (እንደ ሙሉ መተዳደሪያ የማይቆጠር ሥራ) ነው የሚባለው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ምንዛሪው ብዙ ስለተለወጠ የየወሩን ደመወዝ በየወሩ ምንዛሪ አስልታችሁ ያዙ። በምንም መንገድ እንዳይደብቀው። አሠሪው ደግሞ ቅጽ 21-4192ን ይሙላለት፤ የሥራ ሰዓቱና የተደረገለት ማመቻቸት እዚያ ላይ መስፈር አለበት።

አማካሪ ነበርኩ
ስለ ቮክ ሪሃብ፦ አያበላሽበትም፤ እንዲያውም ሊጠቅመው ይችላል። ቅጹ 28-1900 ነው። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ጉዳቱ ሥራ እንዳያገኝ ወይም እንዳይዝ ካሰናከለው ይገባዋል። አማካሪው መርምሮ «በዚህ ሁኔታ የሥራ ግብ ላይ መድረስ አይቻልም» ብሎ ከወሰነ ያ ደብዳቤ ለቲዲአይዩ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሳትረሱ ከፋይሉ ጋር አያይዙት። ቲዲአይዩ ከተፈቀደ በኋላ ሥልጠና መጀመር በራሱ ክፍያውን አያስቀርም። ሙሉ ሥራ ቢይዝም 12 ተከታታይ ወር ካልሠራ ሥራ መጀመሩ ብቻውን መቀነሻ ምክንያት አይሆንም።

ከጦሩ የተሰናበተበትን ቀን ተመልከቱ። ከጃንዋሪ 1፣ 2013 ጀምሮ ከሆነ የማመልከቻ ጊዜ ገደብ የለውም፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ግን 12 ዓመት ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሐኪሙም አማካሪውም «እንዴት ነህ?» ሲሉት እኛ በልማዳችን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ያ ቃል በእንግሊዝኛ «ተሽሎታል» ተብሎ ፋይል ላይ ይገባል። ሰላምታውን ይመልስ፤ ወዲያው ግን የከፋውን ቀኑን ይንገር።

ቸርችል ጎዳና
እዚህ አገር ሆኖ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የቀን አቆጣጠር ነው። የሕክምና ማስረጃ ላይ 10/11/2016 ተብሎ ሲጻፍ ለእኛ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ነው፤ በእነሱ ጁላይ 17፣ 2024። አሜሪካዊው ግን ኦክቶበር 11፣ 2016 ብሎ ያነበዋል። ማስረጃው ስምንት ዓመት ግድም ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ሐኪሙ ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲጽፍ ለምኑት። ሰዓትም እንዲሁ፦ 9:00 ኤኤም የሚል ቀጠሮ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

ለሲ ኤንድ ፒ ምርመራ (ቪኤ ጉዳቱን በሐኪም ለሚያሳይበት) ሲጠራ እንዳይቀር። የጭማሪ ጥያቄ ያቀረበ ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከምርመራ ከቀረ ጥያቄው ይጣላል። ጥሪው ሳይደርሰው እንዳያልፍ ቪኤ ጋ ያለው የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ ስልክና ኢሜይል ዛሬ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ማስረጃውን ግን በፖስታ አትላኩ፤ በቪኤ ድረ ገጽ ጫኑትና የተቀበሉበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ።

የፒያሳዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ማስረጃው እስኪሟላ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅብናል። እስከዚያ ቀኑ አያልፍበትም? አንድ ሰው ደግሞ ቅጹን ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቆናል።

ካዛንቺስ 7
እህቴ፣ ዛሬውኑ ቅጽ 21-0966 ያስገባ፤ «ልጠይቅ አስቤያለሁ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ሙሉውን ጥያቄ በ1 ዓመት ውስጥ ካቀረበ ክፍያው ከዛሬ ቀን ሊቆጠርለት ይችላል። ለሰውየው ምንም እንዳትከፍሉ። ገና ውሳኔ ላላገኘ ጥያቄ ገንዘብ መቀበል በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ይሠሩለታል፤ ጠበቃም ማስከፈል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከወጣ በኋላ ነው። ውሳኔው ካልጣመው በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 1 ዓመት አለው፤ አዲስ ማስረጃ ካገኘ ቅጽ 20-0995፣ ያው ፋይል በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይለት ከፈለገ 20-0996።